ሲነጋ ቆጥ ላይ የተገኘ

የአገሩ ስም ማን ነበር ብላችሁ አትጠይቁ፤ አገሩ ራሱም አያውቀውም። ስም ማን ያውጣለት የሚለውን ክርክር አባት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ ሲያወርስ፣ ስም ሳይወጣለት ሸመገለ። ሕዝቡ «የእኛ አገር» ይለው ነበር። እኛ የተባሉት እነማን እንደሆኑ የጠየቀ ሰው ግን ዱላ ይነሳበት ስለነበር ጨዋ ሰው አይጠይቅም።

ዱላው ሲበዛ የአገሩ ሽማግሌዎች አንድ በረት ውስጥ ተዘግተው ሰባት ቀን መከሩ። በረት የገቡት ማን ከማን በላይ ይቀመጥ የሚለው ስላላለቀ ነው፤ በረት ውስጥ ሁሉም ይቆማል። በስምንተኛው ቀን ይዘውት የወጡት ብልሃት ይህ ነበር፤ ሰው ነባርና መጤ፣ ፊትና ኋላ እያለ ከሚፋጅ ዶሮ ትለይለት። ዶሮ ጉቦ አትበላም፤ ብትበላም ከአንድ እፍኝ ጥሬ አያልፍም።

ከዚያ ወዲህ በአገሩ መካከል አንድ ትልቅ የዶሮ ቤት ተሠራ። የአገር ቆጥ ይባላል። አምስት እርከን አለው፤ እያንዳንዱ ቤት ዶሮውን እዚያ ያሳድራል። ዶሮዎቹ ተነቋቁረው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ፣ ሰውም በዶሮው ልክ ይቀመጣል። ዶሮው ላይኛው እርከን ላይ የምታድርለት ሰው ከምንጩ ቀድሞ ይቀዳል፣ በድግስ ቀን ሥጋው አጠገብ ይቀመጣል፣ በሸንጎ ቀድሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል። የታችኛው እርከን ሰው ግን አህዮች ጠጥተው ሲጨርሱ ይቀዳል፤ በሸንጎም ጉሮሮውን የሚጠርገው ጉንፋን ሲይዘው ብቻ ነው።

ዓመት በዓመት ክረምቱ ሲወጣ ቆጠራ አለ። በዚያ ጠዋት ቆጡ ላይ ዶሮ ያልተገኘለት ቤት ከመዝገብ ይፋቃል፤ ባለቤቱም ያለችውን ጓዝ ተሸክሞ ጅረቱን ተሻግሮ ይሄዳል። የቆጠራው ሕግ አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፤ «ሲነጋ ቆጥ ላይ የተገኘ ነባር ነው» ትላለች። ያጠረችው ጸሐፊው ቀለም አልቆበት ነው የሚሉም አሉ።

እንግዲህ በዚህ አገር ስንዱ የምትባል መበለት ነበረች። ከጅረቱ ማዶ በጋብቻ ከመጣች ሠላሳ ዓመት ሆኗታል። ጅረቱ በበጋ ድመት እግሯን ሳታርስ የምትዘለው ነው። ቢሆንም ስንዱ ባሏ በሕይወት ሳለ የባሏ ሚስት፣ ባሏ ከሞተ በኋላ ደግሞ «ያቺ ከማዶ የመጣችው» ነበረች። ምንጩ ዳር ሴቶቹ በትሕትና «ከየት ነበር የመጣሽው?» ይሏታል። የሚጠይቋት ትናንት የጠየቋት ናቸው፤ ነገም ይጠይቋታል። ስንዱ በየቀኑ «ከማዶ ነኝ» እያለች፣ አህዮቹ እስኪጠጡ ትቆማለች።

በአገሩ ቆጥ ላይ ያለቻት አንዲት ቀይ ዶሮ ነበረች። የታችኛው እርከን ጫፍ፣ በሩ አጠገብ ታድራለች፤ ከውጭ የሚመጣውን ብርድና ከላይ የሚወርደውን ሁሉ የምትቀበለው እሷ ናት። ሰኔ ግም ሲል ቀዮ መታቀፍ ፈለገች። የምትታቀፍ ዶሮ ሃያ አንድ ቀን ፈቃድ ስለሚሰጣት ስንዱ ወደ ቤቷ አምጥታ ዘጠኝ እንቁላል አስታቀፈቻት። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ግን ቀዮ ጥሬ ልትለቅም ወደ ጓሮ ወጣ ስትል ሸለምጥማጥ በላት።

ስንዱ ላባዋን እየለቀመች አለቀሰች። ዶሮዋን ትወዳት ነበር፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ እቤት ውስጥ እሷን ሰምቶ የሚመልስ ሌላ ፍጡር አልነበረም። እያለቀሰች ግን እንቁላሎቹን ዳሰሰቻቸው። ገና ሙቅ ናቸው። ልቅሶ ቢቆይ አይበላሽም፣ እንቁላል ግን ከቀዘቀዘ ቀዘቀዘ። አሮጌ ነጠላዋን ቅርጫት ውስጥ አንጥፋ፣ ቅል ሙሉ ሙቅ ውሃ መሃላቸው አስቀምጣ፣ ሁለቱን ደግሞ ጉያዋ ከትታ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሳትነቃነቅ ተጠቅልላ ተኛች። ከዘጠኙ ሰባቱ ተፈለፈሉ። የመጨረሻዋ፣ ጥቁሯና ትንሿ፣ የወጣችው ከጉያዋ ነው።

ከዚያ በኋላ የእናትነት ሥራ መጣ። ምንቃራቸውን ውሃ ውስጥ ነከር እያደረገች መጠጣት አስተማረቻቸው። ማሽላ ደቁሳ፣ ከኩይሳ ምስጥ ቆፍራ አበላቻቸው። ፀሐይ ሲሞቁ ጭልፊት እንዳያይባቸው እንቅብ ደፋችባቸው። አንድ ቀን ምስጥ እየበተነች «ቅሩቅ፣ ቅሩቅ» ስትል ራሷን ሰማችና አፈረች። ጫጩቶቹ ግን ሰምተው እየተንጫጩ መጡ፣ እሷም ማፈሯን ተወችው።

የጫጩቶቹ ላባ መሙላት ሲጀምር ሰባቱን በቅርጫት ይዛ ወደ ቆጡ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ቆጠራው ሁለት ወር ቀርቶታል። እነዚህ ካልተመዘገቡና መንጋው ውስጥ ካልገቡ ቤቷ መፋቁ ነው፤ እሷም በዚህ ዕድሜዋ እንደገና ከማዶ ወደ ማዶ መሻገሯ ነው። ማዶ ደግሞ የሚያስታውሳት ሰው ሁሉ ሞቷል።

የቆጡ ሹም ብላታ ወንድይራድ ይባላሉ። ላይኛው እርከን ላይ የምታድረው፣ መንጋውን ሁሉ የምትገዛው ገብስማ ዶሮ የእርሳቸው ናት፤ ሹመቱም የመጣው በእሷ ነው። አጠገባቸው የሚቀመጡት ጸሐፊ አለቃ ክንፉ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ እያንቀላፉ የሚጽፉ፣ የጻፉትን ግን ነቅተውም የማይረሱ ሽማግሌ ናቸው። የዶሮ ጸሐፊ ስሙ ክንፉ መሆኑን አንስቶ የሳቀ ሰው ጉዳዩ በዚያ ዓመት አያልቅለትም።

«ጫጩት ላስመዘግብ ነው የመጣሁት ጌታዬ» አለች ስንዱ እጅ ነስታ። «ሰባት ናቸው።»

«እናታቸው ትቅረብ» አሉ ብላታ።

«ሸለምጥማጥ በላብኝ።»

«እንግዲያው ሸለምጥማጡ ይቅረብና ይመስክር።»

«እሱንማ ባገኘው…» አለችና ስንዱ የቀረውን ዋጠችው።

ብላታ ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። «ስሚ አንቺ ሴት። እናት የሌለው ጫጩት አይመዘገብም። ያልተመዘገበ ጫጩት የማንም አይደለም። የማንም ያልሆነ ነገር ደግሞ የመንግሥት ነው።»

የመንግሥት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከጽሕፈት ቤቱ ጓሮ የሚመጣው የቁሌት ሽታ ለስንዱ ነገራት። ቅርጫቱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ታዲያ ማን አሞቃቸው?» አሉ አለቃ ክንፉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«እኔ ነኛ፣ አለቃ።»

«በምን?»

«በጉያዬ።»

አለቃ አንድ ዓይናቸውን ገለጡና መዝገቡን ወደ ኋላ አገላበጡ። «"እናት ማለት ያቀፈች ናት" ይላል፤ የጣለች አይልም። ይቺ አቅፋለች።»

«ሰው ለጫጩት እናት ተብሎ ይመዝገብ ሊሉ ነው እንዴ አለቃ?» አሉ ብላታ።

«ሰው አላልኩም። በእናት ዓምድ ውስጥ የሚጻፍ ዶሮ ብቻ ነው። እናታቸው እሷ ከሆነች እንግዲህ ዶሮ ናት ማለት ነው።»

ብላታ ስንዱን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ዓይናቸው አንድ ነገር ይላል፣ መዝገቡ ሌላ ይላል። በዚያ አገር ተራው ሰው ከሹም የሚለየው በእንዲህ ያለ ጊዜ ዓይኑን በማመኑ ነው። ብላታ ሹም ነበሩ። «ይጻፍ» አሉ።

አለቃም እንዲህ ብለው ጻፉ፤ «ስም፣ ስንዱ። ቀለም፣ ጠይም። ጉትዬ፣ የለም፤ ሻሽ አለ። እንቁላል፣ ገና። ጠባይ፣ አፍ አላት።»

ስንዱ መሳቅም ማልቀስም ቃጣት። ጥቁሯ ጫጩት በቅርጫቱ ቀዳዳ ምንቃሯን አውጥታ ጣቷን ስትነካት ግን ሁለቱንም ተወችው። «ልጆቼን አይንኩብኝ እንጂ ዶሮ ብባልም አይከፋኝ» ብላ ወጣች።

ዶሮ መሆን ካሰበችው በላይ ሥራ አለበት። መንጋው ውስጥ ያለች ዶሮ በሳምንት ሦስት እንቁላል ታስገባለች፣ ሲመሽ ቆጥ ትወጣለች። የቆጡ እንጨት ስንዱን እንደማይችል በሦስት ሽማግሌዎች ከተመረመረ በኋላ፣ በሕመም ፈቃድ እቤቷ እንድታድር ተወሰነ። ይህም ለቆጠራ አትጠቅምም ማለት ነው፤ ቤቷን የሚያድኑት ሰባቱ ናቸው። የእንቁላሉ ነገር ግን አልቀረላትም። ችግሩ ሹምም ሆነ የሹም ሎሌ ከዶሮ ጋር መነጋገሩ ክብር ይነካል ተብሎ የተከለከለ መሆኑ ነው። ስለዚህ የቆጡ ዘበኛ ጓንጉል በየሳምንቱ እየመጣ ፊቱን ወደ ቤቷ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል።

«ግድግዳ ሆይ፣ የዚህ ቤት ዶሮ እንቁላል ጥላለች ወይ?» ይላል።

«ግድግዳዬ፣ ቄቦቹ ሲደርሱ እናያለን በልልኝ» ትላለች ስንዱ ከውስጥ።

ጓንጉልም ለግድግዳው እጅ ነስቶ ይሄዳል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደመወዝተኛ ነበር።

ነሐሴ ሲጋመስ ጫጩቶቹ ከመንጋው ጋር የሚተዋወቁበት ቀን ተቆረጠ። በዚያ አገር እንግዳ ነገር የሚተዋወቀው በእኩለ ቀን፣ ሕዝብ ተሰብስቦ፣ ከበሮ እየተመታ ነው። መንጋው ከጠዋት ጀምሮ ጥሬ ሳይበተንለት ውሏል፤ በሥነ ሥርዓቱ ላይ በጨዋነት እንዲቆም ተብሎ ነው። ብላታ ንግግር አደረጉ። ዶሮ ማናገር ስለማይቻል ንግግሩን ያደረጉት ለአጥሩ ነው። ስለ አንድነት፣ ስለ እንግዳ አቀባበል፣ ስለ ገብስማዋ ቅድመ አያቶች ብዙ ነገር ተናገሩ። አጥሩ በጽሞና ሰማቸው። ከዚያ በኋላ ጓንጉል ቅርጫቱን አንስቶ ሰባቱን ጫጩቶች በረሃብተኛው መንጋ መካከል ደፋቸው።

የሆነውን ዶሮ ያረባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ገብስማዋ አንገቷን አሹላ መጣች፣ ሌሎቹ ተከተሏት። ጫጩቶቹ የሚያውቁት አንድ መሸሸጊያ ብቻ ስለነበር ሰባቱም ከስንዱ ቀሚስ ሥር ገቡ። ስንዱ በቂጧ ተቀመጠችባቸው ማለት ይቻላል። መንጋው ያገኘውን እየነቆረ፣ ጫጩት ሲያጣ ተረከዝ፣ ተረከዝ ሲያጣ ነጠላ እየነቆረ ዞራት። አለቃ ክንፉ ደግሞ ጥግ ቆመው በከሰል ግንቡ ላይ ጭረት ያሰምራሉ። ከበሮው ሲቆም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ተቃውሞ፣ ሃምሳ ሦስት ነቆራ። ድጋፍ፣ የለም። ድምፅ ያልሰጠ፣ አንድ።»

«ማን ነው እሱ?» አሉ ብላታ።

«አውራው ነው። ሌላ ሥራ ይዞ ነበር።»

ብላታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መንጋው በራሱ ፈቃድ አልተቀበለም። እስከ ቆጠራው ካልተቀበላቸው ለጽሕፈት ቤቱ ይገባሉ» ብለው ለአጥሩ ነገሩት። ባለቤታቸው ወይዘሮ አጸደም ሰምተው፣ ሽንኩርቱ ቀደም ብሎ ቢከተፍ እንደማይከፋ አጠገባቸው ላለችው ሴት ነገሯት።

ስንዱ እቤቷ ገብታ ጥቁሯን ጫጩት መዳፏ ላይ አስቀመጠቻት። አንገቷ ላይ ላባዋ ተነቅሎ ደም ወጥቷል። ቅቤ እየቀባቻት አለቀሰች፤ ልቅሶው የጫጩቷ ብቻ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተረከዟን ሲነቁሯት ቆጥሮ የመዘገበላት ማንም የለም። አልቅሳ ሲወጣላት ደግሞ ተናደደች፤ የተናደደችው በዶሮዎቹ ላይ ግን አልነበረም። የተራበ መንጋ መካከል ድንገት የተደፋን ነገር የማይነቁር ዶሮ የት አለ? እናቷ ማዶ ሆና የምታደርገው ሌላ ነበር። አስቀድመው ይተያዩ፣ ቀጥለው በአንድ ሰዓት ይብሉ፣ በመጨረሻ አብረው ይደሩ ትል ነበር። ከበሮ አልነበራትም።

በማግስቱ ስንዱ ሰባቱን ይዛ፣ አንድ እቅፍ ሸንበቆ ተሸክማ ወደ አገሩ ቆጥ ግቢ ገባች። ጓንጉል ሊከለክላት እጁን ዘረጋና መለሰው፤ የመንጋው ዶሮ ጠዋት ወደ ግቢዋ ስትገባ ከልካይ የለባትም። ጥግ ላይ ሸንበቆውን ሰካች፣ በልጥ አሰረች፣ በወዲህ በኩል ከሰባቱ ጋር ተቀመጠች። ብላታ ተጠርተው መጡ።

«አጥር ሆይ፣ ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

አጥሩ ዝም ሲል አለቃ ክንፉ መለሱ። «ዶሮ ናት፣ ጎጆ እየሠራች ነው። ዶሮ ጎጆ እንዳትሠራ የሚከለክል አላገኘሁም።»

ብላታ ጺማቸውን እያሻሹ ተመለሱ። ስንዱም ሦስት ሳምንት እዚያ ዋለች። በመጀመሪያው ሳምንት ገብስማዋ በሸንበቆው ወዲያ እየተንጎራደደች በቀዳዳው ስትነቁር ትውላለች፤ የምታገኘው ግን ሸንበቆ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ስንዱ ምስጡን በአጥሩ ሥር በሁለቱም በኩል ትበትን ጀመር። ምስጥ ያየች ዶሮ ክብሯን ትረሳለች። በሦስተኛው ሳምንት ገብስማዋና ጥቁሯ አንዲቱን ምስጥ ከወዲህና ከወዲያ ሲጎትቱ ታዩ፤ ጥቁሯ አሸነፈች፣ ገብስማዋም ሌላ ፈለገች እንጂ ጠብ አላነሳችም።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለች ስንዱ ለራሷ።

«ግድግዳ ሆይ፣ እውነት ብለሃል» አለ ጓንጉል በሩ ላይ ሆኖ።

የቆጠራው ዋዜማ ደረሰ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዶሮዎቹ አንድ በአንድ ቆጡ ላይ ወጡ። ዶሮ ሲመሽ አታይም፤ ሹምም ራት ሲቀርብለት አያይም። ስንዱ ዓይን ለዓይን መተያየት እስኪያቅት ጠበቀችና አንዷን ቄብ በብብቷ አድርጋ ገባች። መጀመሪያ ያሰበችው የታችኛው እርከን ጫፍ፣ የቀዮን ቦታ ነበር። ቀና ብላ ከላይ የሚወርደውን አየች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላት ሴትዮ ትዝ አለቻት፤ እሷ እንግዲህ የብብቷን ቆጥ ልትሰቅል ነው። መሰላሉን ወጣች። ሰባት ጊዜ ወጥታ ሰባት ጊዜ ወረደች። ጥቁሯን ከሁሉም በላይ፣ በገብስማዋና በአውራው መካከል ሻጥ አደረገቻት። ገብስማዋ በእንቅልፍ ልቧ አጉረመረመች፣ ጠጋ አለች፣ የክረምት መውጫ ብርድ ነበርና ክንፏን አለበሰቻት።

ስትወጣ ጓንጉል በሩ ላይ ቆሟል። ሁሉንም አይቷል። ተያዩ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ፊቱን አዞረ።

«ግድግዳ ሆይ፣» አለ፣ «ዛሬ ምንም አላየሁም።»

ሲነጋ አገሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ስንዱ ከአህዮቹ አጠገብ ቆመች። ጓዟን ቋጥራ እቤቷ ደፍ ላይ አስቀምጣ ነው የመጣችው። ብላታ በሩን አስከፍተው ከላይኛው እርከን መቁጠር ጀመሩ፤ ትናንት ያልነበረች ስድስተኛ ዶሮ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እንደገና ጀመሩ። እንደገና ቆሙ። የእርሳቸው ገብስማ ክንፏን ዘረጋች፣ ከሥሯም ጥቁሯ ቄብ ወጥታ አንድ እግሯን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ተንጠራራች። ከዚያ ሁሉም ተከታትለው ወረዱና የተበተነውን ጥሬ ትከሻ ለትከሻ ሆነው መልቀም ያዙ። ማንም ማንንም አልነቆረም። ዶሮ ከጎኗ የነቃውን ሁሉ የዱሮ ሰው ነው የምትለው።

«እነዚህን ማን አወጣቸው?» አሉ ብላታ።

«ሕጉ ማን አወጣቸው አይልም» አሉ አለቃ ክንፉ። «የተገኘ ነው የሚለው።»

«ትናንት አልነበሩማ አለቃ። እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።»

«ትናንት አልነበሩም» አሉ አለቃ። «እሺ፣ ትናንት ያልነበረ ይውረድ እንበል። ከትናንት ወዲያ ያልነበረስ?» ይህን ብለው መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጡ፣ ደግሞ ገለጡ፣ ለብዙ ዘመን ከእርሳቸው በቀር ማንም ያልነካው የመጀመሪያው ገጽ ደረሱ። አቧራውን እፍ አሉት። ጮክ ብለው አነበቡ። «የብላታ ወንድይራድ ቅድመ አያት ቤት። "አንዲት ገብስማ። ከማዶ። እንዴት እንደመጣች አልታወቀም። ሲነጋ ተገኘች።"»

አለቃ ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ቀጠሉ። «የሚቀጥለው ቤት። "ከማዶ። ሲነጋ ተገኘች።" የሚቀጥለው። "ሲነጋ ተገኘ።" ከዚህ የተለየ የተጻፈለት ቤት የለም ብላታ። እኔ ስፈልግ ሃምሳ ዓመቴ ነው። ሁሉንም ላንብበው ወይስ ልጠፈው?»

ብላታ ሕዝቡን አዩ። ሕዝቡ እግሩን ያይ ነበር። ብላታም የራሳቸውን እግር አዩ።

«ይታጠፍ» አሉ።

አለቃ መዝገቡን አጥፈው አዲሱን ገጽ ከፈቱና ጻፉ፤ «የስንዱ ቤት። ሰባት። ሲነጋ ተገኙ።»

ስንዱ እቤቷ ሄዳ ጓዟን ፈታች። ቋጠሮው ላይ ተቀምጣ ብቻዋን ሳቀች፣ እስኪያማት ሳቀች። ሽንኩርቱ ግን አስቀድሞ ተከትፎ ነበርና እነ ወይዘሮ አጸደ በሽሮ በሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምንጩ ቀድማ የምትቀዳው ስንዱ ሆነች። ከዶሮነት መዝገብ ትሰረዝ የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር፤ ነገር ግን ዶሮ ከመዝገብ የምትወጣው በቢላዋ ብቻ መሆኑ ሲነበብ ነገሩ ተዳፈነ። እሷም አልተከራከረችም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፣ ሹም የማያናግራት ዶሮ ደግሞ መጥሪያ አይመጣላትም፤ እንዲህ ያለ ሰላም በአገሩ ያላት እሷ ብቻ ነበረች። ለእንቁላሉም ቄቦቹ ደረሱላት።

በጋ ገባ። አንድ ጠዋት ስንዱ በምንጩ አፍ ላይ ማድጋዋን ደቅናለች፤ ከኋላዋ ወይዘሮ አጸደ፣ ከእርሳቸው ኋላ አገሩ በየእርከኑ ተሰልፏል። ከአህዮቹም ኋላ አንዲት አዲስ ሙሽራ ቆማለች፤ ባንድ እጇ እንስራ፣ ባንድ እጇ ቅርጫት ይዛለች። ከቅርጫቱ ሦስት ጫጩቶች አምልጠው ወደ ውሃው መጡ። መንጋው ምንጩ ዳር ይጭር ነበር። ገብስማዋ ቀና ብላ አየቻቸውና መልሳ መጫሯን ቀጠለች። አንገቷን አሹላ የሮጠችው ጥቁሯ ናት። የመጀመሪያዋን ነቆራ ያሳረፈችው እሷ ናት፣ ሁለተኛዋንም።

ልጅቷ እንስራዋን ጥላ ጫጩቶቿን ልትሰበስብ ሮጠች። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት።

«ከየት ነበር የመጣሽው?» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ስንዱ ማን ተናገረ ብላ ዞረች። የተናገረችው እሷ ነበረች።

«ከማዶ ነኝ እትዬ» አለች ልጅቷ መሬት መሬት እያየች።

የስንዱ ፊት ተቃጠለ። በሕይወቷ እንዲህ አፍራ አታውቅም፤ ዶሮ ተብላ በተጻፈች ቀን እንኳ እንዲህ አላፈረችም። ሄዳ ጥቁሯን በሁለት ክንፏ ይዛ አነሳችና ብብቷ ውስጥ ሸጎጠቻት። ዶሮዋ ተወራጨች፣ ከዚያ የዱሮ ሙቀቷን አወቀችና ጸጥ አለች።

«ሸንበቆ አለሽ?» አለቻት ልጅቷን።

«የለኝም እትዬ።»

«እኔ ዘንድ አለ። ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ አትቸኩይ። ከዚያ ሲመሽ አብረን እንሄዳለን።» ማድጋዋን ከምንጩ አፍ ላይ አነሳችና የልጅቷን እንስራ በቦታው ደቀነችው።

ወይዘሮ አጸደ ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለመሆኑ ተራው የማን ነው?» አሉ።

ስንዱ ዶሮ ናትና አልመለሰችላቸውም።